በብዕር ስም ያሸነፍኩት ሽልማት

በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ ስልክ ይደወልልኛል። «እማማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጋዜጠኞች ሽልማት እንሰጣለን፤ ለአስተማሪዎቻቸውም እንሰጣለን። እርስዎ ተገኝተው ቢሸልሙልን» ይሉኛል። አልመጣም እላለሁ። ለምን ሲሉኝ እግሬን ያመኛል እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ እግሬ ደህና ነው። ዘንድሮ ግን አንዷ ልጅ ሙጭጭ አለችብኝ። «እርስዎ እኮ ራስዎ በእንዲህ ያለ ሽልማት ነው የተነሱት፤ ለእኛ አርአያ ነዎት» አለችኝ። አርአያ! ኧረ ወዲያ! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። በኋላ ግን ልጅቷ ምን አጠፋች ብዬ ይህን ልጽፍላት ተቀመጥኩ።

ዘመኑ የጃንሆይ ማብቂያ ነው፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ኮልፌ፣ ማዞሪያው አጠገብ፣ ላምባና ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥባት ሱቅ ነበረችው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ተሸክሞም ለፍቶም ያቆማት ሱቅ ናት። ታላቅ ወንድሜ ጥሏት ሹፌር ልሁን ብሎ ሲሄድ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ዘንድሮ ይበቃሻል። ከመስከረም ጀምሮ ባንኮኒው ኋላ የምትቆሚው አንቺ ነሽ» አለኝ። አለቀስኩ፤ አኮረፍኩ፤ ሦስት ቀን እህል አልቀምስም አልኩ። እሱም እንደ እኔው ነው፤ አንዴ ካለ አለ ነው።

በዚያው ዓመት ፒያሳ ያለ አንድ ጋዜጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጽሑፍ ሊያወዳድር ነው ተባለ። ያሸነፈው ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በአዳሪ ትምህርት ቤት ይጨርስና ናይሮቢ ሄዶ ጋዜጠኝነት ይማራል። ያዘጋጀው አስተማሪም የራሱ ሽልማት አለው። ይህን የሰማሁ ቀን አልተኛሁም። ከባንኮኒው የማመልጥበት ሌላ በር አልነበረኝም።

የጋዜጣ ክበባችን ኃላፊ የአማርኛ አስተማሪያችን ነበር። ያኔ «ጋሼ» እያልን አንገታችንን እንሰብርለት ነበር፤ ዛሬ ግን አንቱ ብዬ አልጽፍለትም፤ ይቅር በሉኝ። ተማሪ በየጊዜው ሰልፍ የሚወጣበት ዘመን ስለነበር በራሳችን ስም እንድንጽፍ አይፈቅድም። ሁላችንም የብዕር ስም አለን። የትኛው ስም የማን እንደሆነ የተጻፈው እሱ ኮት ኪሱ ውስጥ በሚይዛት ጥቁር ደብተር ላይ ብቻ ነው። «ለእናንተው ደኅንነት ነው» ይለናል። ለማን ደኅንነት እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ።

ዋና አዘጋጁ የክፍሌ ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ አረፍተ ነገር አሟልቶ መጻፍ አይችልም፤ ታይፕ መምታት ግን ይችላል። ጽሑፋችንን ስቴንስል ላይ የሚመታው፣ ማባዣውን የሚያዞረው እሱ ነው። ዋና አዘጋጅ ያደረገው ግን ታይፑ አይደለም፤ አባቱ ነው። አባትየው ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መድፊያ፣ የሚለቀመውን ጠርሙስ ሁሉ የሚጠቀልል ነጋዴ ነው። የትምህርት ቤታችንን አጥር ያሳጠረውም እሱ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሲያየው ከወንበሩ ይነሳል።

እኔ ስለ ቆሼ ልጽፍ ተነሳሁ። የነገሩኝ አንዲት ሴት ናቸው። በየቅዳሜው ያጠቡትን ጠርሙስ በኬሻ ተሸክመው ሱቃችን ይመጣሉ፤ አባቴ ጠርሙሱን ተቀብሎ ላምባና ሳሙና ይሰጣቸዋል። ያኔ ላምባ ያለ ጠርሙስ አይገዛም። ባል የላቸውም፤ አራት ልጆች ነበሯቸው። ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነገሩኝ፤ ሁልጊዜም እየሳቁ ነው የሚያወሩት። የሆቴሎቹን ቆሻሻ የጫነው መኪና ሲመጣ ቆሼ በር ላይ የሚቆም ሰውዬ አለ። ሕግ አላቆመውም፤ ነጋዴው ነው ያቆመው። ዱላውን ይዘረጋና ሴቶቹን ይመልሳል፤ ደህና ደህናው ጠርሙስ ለነጋዴው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ እነሱ የሚቀራቸው ከሥር የሚጨሰው ቦታ ነው። እዚያ ሲለቅሙ መሬቱ ተደርምሶ ግራ እግራቸውን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት አቃጥሏቸዋል። ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ።

ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ። «ስሜን ግን እንዳታነሺብኝ፣ ልጄ። ከበሩ ከመለሱኝ ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ! የቀራንዮው መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፣ አላነሳም» አልኳቸው። ማልኩ እንግዲህ። ማንም ሳያስገድደኝ።

ጻፍኩት። ስማቸው የለም፤ የነጋዴውም ስም የለም፤ «በር ላይ የሚቆም አንድ ሰው» ብቻ ነው ያልኩት። «ስሜን እንዳታነሺ አሉኝ» የሚለውንም አስገባሁት፤ አንባቢውን ይይዘዋል ብዬ ነው። አስተማሪው እያንገሸገሸው ተቀበለኝ፤ «ታነሺ» የሚለውን «ታነሳ» ብሎ አስተካከለው፤ ሴት መሆኔ እንዳይታወቅ ነው አለኝ። ሌላ የሚላክ ጽሑፍ ስላልነበረው ያንኑ ፒያሳ ላከው። የእጅ ጽሑፌን ጠየቅኩት፤ ጠፋ አለ።

ግንቦት ላይ፣ ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ እንዳበቃ፣ ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዞ ደረጃው ላይ ቆመ። ትምህርት ቤታችን በጋዜጣው ውድድር አንደኛ ወጥቷል አለ። የብዕር ስሙን አነበበ፤ የእኔ ነው! «የዚህ ብዕር ባለቤት...» አለና የዋና አዘጋጁን ስም ጠራ። ልጁ ከሰልፉ ወጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወጣ! አስተማሪው ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ይዳብሳል፤ ወደ እኔ አያይም። ምን ቸገረው? ማንም ቢያሸንፍ ለእሱ ሽልማቱ ያው ነው።

«ውሸት ነው! እኔ ነኝ የጻፍኩት!» ብዬ ጮህኩ። ስምንት መቶ የሚሆን ተማሪ ዞሮ አየኝ። የተሰጠኝ መልስ ኮረት ላይ እስከ እረፍት መንበርከክ ነው። ጉልበቴ እየደማ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለው፤ ቆይ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍል አልተመለስኩም። አውቶቡስ ተሳፍሬ ፒያሳ ወረድኩና ጋዜጣው ቢሮ ገባሁ። ዘበኛው ሊያስወጣኝ ሲል ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ። መነጽር ያደረገ አንድ ጋዜጠኛ ወጥቶ ሰማኝ። በመጨረሻ «ሐሙስ ትምህርት ቤታችሁ እመጣለሁ፤ ሁለታችሁንም እጠይቃለሁ» አለኝ።

ሐሙስ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ዳይሬክተሩ አለ፤ አስተማሪው አለ፤ ልጁ ከነአባቱ አለ። የእኔ አባት ሱቅ አልዘጋም ብሎ ቀርቷል። ጋዜጠኛው ጽሑፉን አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ አነበበው። ነጋዴው ማንበብ አይችልም፤ ልጁ «ጻፍኩት» ያለውን የሚሰማው ገና አሁን ነው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። በር ላይ ስለሚቆመው ሰው የሚለው ቦታ ሲደርስ ማሽከርከሩን አቆመ። ልጁ ጫማውን ያያል።

«ጽሑፉን ሁለታችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ታይፕ መትቶታልና» አለ ጋዜጠኛው። «እኔ የምፈልገው ይህን ማን እንደነገራችሁ ነው። አንተ ጀምር።»

ልጁ ተነሳ። አንገቱን አቀና፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ስማቸውን መናገር አልችልም። ላላነሳ ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አለ።

የእኔን ቃል! ጽሑፌን ሰረቀ እሺ፤ መሐላዬን ደግሞ! ጋዜጠኛው መነጽሩን ከፍ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ጎሽ። ጋዜጠኛ እንዲህ ነው» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

አሁን ምን ልበል? እኔም ቃል ገብቻለሁ ብል ከእሱ የቀዳሁ ልመስል ነው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል። ልጁ በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት የጨረሰችኝ።

«ውሸታም! ታውቃቸዋለህ? እስቲ ታውቃቸዋለህ?» ብዬ ተነሳሁ። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራሁ። የት እንደሚኖሩ፣ ከቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን በታች በየት በኩል እንደሚገባ፣ ስንት ልጆች እንዳሏቸው፣ ጠባሳው የትኛው እግራቸው ላይ እንደሆነ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። አፌ አልዘጋ አለኝ። ልጁ ፈገግታው ጠፍቶ ሲገረጣ ሳይ ደግሞ እሰይ አልኩ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ጋዜጠኛው ብዕሩን አወጣ። «እስቲ ከነአባታቸው ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት።

በኋላ ለራሴ «ልጅ ነበርኩ፣ አላሰብኩም» ልል ብዙ ሞክሬያለሁ። ውሸት ነው። በር ላይ የሚቆመው የማን ሰው እንደሆነ ኮልፌ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ነጋዴው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ እያየሁት ነው የተናገርኩት።

እሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ባርኔጣውን አደረገ፤ ለጋዜጠኛው «ልጄ ተሳስቷል፣ ይቅርታ ያድርጉለት» አለ። ከዚያ ራሴን ዳሰሰኝ። «ጎበዝ ነሽ። ሐቀኛ ልጅ ነሽ» አለኝና ልጁን ይዞ ወጣ። ጋዜጠኛው ደብተሩን ዘጋ። «በቃ፣ ግልጽ ነው። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ሄዶ ሴትዮዋን እንኳ አላያቸውም።

በዚያ ቅዳሜ አልመጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ፤ ኬሻ የላቸውም። አንድ ጠርሙስ ይዘው ላምባ በዱቤ ሊጠይቁ ነው የመጡት። አባቴ ጓዳ ነበር፤ ባንኮኒው ኋላ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«ሽልማት አገኘሽ አሉ። እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጠርሙሱስ?» አልኳቸው። እያወቅኩ።

«ከበሩ መለሱኝ። ሁለተኛ እንዳትደርሺ አሉኝ። ሰውዬው ስሜን ከነአባቴ ነው የጠራኝ፤ ከማን እንደሰማ እንጃ።»

አሁን ንገሪያቸው አለኝ ልቤ። ተንበርከኪና ንገሪያቸው። ከአፌ የወጣው ግን «ማን ነገራቸው?» የሚል ነው። አዎ፣ እንዲያ ብዬ ጠየቅኳቸው። ምላሴን በቆረጠው!

ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ትክ ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረም። «ከጎረቤት አንዷ ትሆናለች። ብቻ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፣ ምለሽልኛል» አሉኝ።

ላምባውን ሳልለካ ስቀዳ ሞልቶ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። አባቴ ሽታው ደርሶት ከጓዳ ጮኸብኝ።

ሽልማቱ የተሰጠው ሰኔ ላይ ነው። አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ነበር፤ እጅ ነሳሁ፤ ምስክር ወረቀቴንና አንድ ብዕር በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አስተማሪው የእጅ ሰዓት ተሸለመ። «ለእውነት የሚቆም ትውልድ ስላፈራ» ተብሎ ተነበበለት፤ እሱም ሳያፍር ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ነጋዴው የፊት መቀመጫ ላይ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው። በመስከረም አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ናይሮቢ ስሄድ አባቴ ሱቁን ዘግቶ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። ስመለስ ቀራንዮ ወርጄ ፈለግኳቸው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ልጆቹን ይዘው ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት በጋዜጠኝነት ሠራሁ፤ ጥሩ ሠራተኛ ነበርኩ ይላሉ።

እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ስልክ የደወልሽው፣ አርአያሽ ይህች ናት። አስተማሪውን ሰድቤልሻለሁ፤ ልጁንም ሰድቤዋለሁ። ግን ያ ሌባ ልጅ፣ በውሸትም ቢሆን፣ ስማቸውን አላወጣም።

ይህን ስታነቢ የማንም ስም እንደሌለበት ታያለሽ። የሌሎቹን የተውኩት ለራሳቸው ብዬ አይደለም፤ ምን አባታቸው! የእሳቸውን ስም ግን አልጽፈውም። አንድ ሐሙስ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከነአባታቸው ጠርቼዋለሁ።