ዋሴ

ቀበና የቤት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ዋስ የሆኑኝ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ ያገሬ ሴት ናቸው። በኋላ ዳቦ ቤት የተሻለ ሥራ አገኘሁ። አሠሪዬ ደግ ስለነበሩ ግን እለቃለሁ ማለት አፈርኩ። ሾላ ሄጄ ዋሴን «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ዋስ የሆንኩት ለእጅሽ ነው፤ ለአፍሽም ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ገበያው በደራበት ሰዓት ሽንኩርታቸውን በማዳበሪያ ሸፍነው አብረውኝ መጡ።

አሠሪዬ «የቀጠርኳት እርስዎን አምኜ ነበር። በዓል ሲደርስ ጥላኝ ትሂድ?» ሲሏቸው ዋሴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ቃል አልተነፈስኩም።

ዛሬም ሽንኩርት የምገዛው ከእሳቸው ነው። ምራቂ አብዝተው ሲጨምሩልኝ ይቅርታ ልጠይቅ አስብና «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብዬ እሄዳለሁ።