የሐዘን ውኃ

የዋርካ ሥር መንደር ሰው የክንዱን ነገር ሲያነሣ ከንቀቱ ይጀምራል። ክንዱ ያልናቀው ነገር ጥቂት ነው። ባጃጅ መጀመሪያ ከፍኖተ ሰላም ሲመጣ አይቶ «ይህ ጣራ የተሠራለት ወንበር የእኛን ዳገት ሊወጣ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ዛሬ ባጃጅ በሩ ድረስ ይመጣል። የተሻሻለ የበቆሎ ዘር ሲታደል «የሽማግሌ ጥርስ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ እሱም ዘራው። የናቀው ሁሉ አገር ማዳረሱ አንድም ቀን አሳፍሮት አያውቅም። ሲነግሩት «ናቅሁት እንጂ አይመጣም አላልሁም» ይላል።

የማይንቀው ነገር ውኃ ብቻ ነው። ዋርካ ሥር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወርዶ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ነው። ከወንዙ የተጠለፈ አንድ ቦይ መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ያጠጣል። ክንዱ የዚያ ቦይ የውኃ አባት ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። የውኃ አባት ማለት ተራ የሚያድል፣ ጠብ የሚያበርድ፣ የየማሳውን የቦይ በር የሚያስከፍትና የሚያዘጋ ሰው ነው። ደብተር የለውም። በየስምንት ቀኑ ውኃው ለማን እንደሚደርስ፣ እሑድ ወይም ማርያም ላይ የወደቀ ተራ ወዴት እንደሚሸጋሸግ፣ የማን ማሳ አሸዋ ስለሆነ ቶሎ እንደሚጠማ ሁሉንም በራሱ ውስጥ ይዞታል። ጠዋት ከዘራውን ይዞ ቦዩ ዳር ይቆምና የባለተራውን ስም ይጣራል፤ ድምፁ ወንዝ ማዶ ይሰማል።

ቦዩ ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ ያለ ውኃ አባት ቃል የሰው በር አይከፈትም። ድሮ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ በር ተጣልተው አንዱ በመጥረቢያ እጁን አጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሕግ የደፈረ የለም። ሁለተኛው የሐዘን ውኃ ነው። ሰው የሞተበት ቤት እስከ አርባው ድረስ ማሳ አይወርድም፣ ተራው ግን አይቀርበትም። የውኃ አባቱ ከጎረቤት አንዱን «አንተ አጠጣለት» ይላል፣ ጎረቤቱም ያጠጣል። ሐዘንተኛው መለመንም ሆነ ማመስገን የለበትም፤ ቤቱ ተቀምጦ ሙቱን ያለቅሳል። ሁለቱም ሕጎች የትም አልተጻፉም።

ቴዎፍሎስ የመጣው በኅዳር ነው። የቡሬ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ በአንድ ፕሮጀክት ተቀጥሮ ተመልሷል። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጥላል፤ አገሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ለማን እንደሚያሳየው አይታወቅም። የቦዩ ማኅበርተኛ ዋርካው ጥላ ሥር ሲሰበሰብ ላፕቶፑን ከፈተላቸው።

«ከእንግዲህ የውኃ ተራ የሚያወጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው» አለ። «ኤጀንት ይባላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አለ፣ ቨርቹዋል ማሽን የምንለው፤ የማይጨበጥ ኮምፒውተር ማለት ነው። ኤጀንቱ እዚያ ውስጥ ሆኖ ራሱ ስክሪኑን ያያል፣ ራሱ ማውዙን ያንቀሳቅሳል፣ ራሱ ይጽፋል። ተራችሁ ሲደርስ በስልካችሁ መልእክት ይልካል። በሩን ስትከፍቱ አንድ ቁጥርን ትልካላችሁ፣ አለቀ።»

እውነትም ስክሪኑ ላይ ቀስቷ ማንም ሳይነካት ትሄድ ነበር። ሰዉ አፉን ከፍቶ አየ። ክንዱ ብቻ ከዘራው ላይ ተደግፎ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ለምን ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ አሰራችሁት?»

«ለጥንቃቄ ነው ጋሽ ክንዱ። ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ እዚያው ይቀራል፣ ወደ ውጭ አይወጣም። አጥር በሉት።»

«በሬ ለብቻው የሚታሰረው ሲዋጋ ነው። አመሉን ካወቃችሁት ለምን አመጣችሁብን?»

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቴዎፍሎስም ሳይቀር። ግን እጅ አውጡ ሲባል ለማሽኑ ሰባ ስምንት እጅ ወጣ። ክንዱ ይህን አልጠበቀም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃውን በቅን ሲያድል ምላሱንም አብሮ ያድል እንደነበር አልታወሰውም። አንዱን «እርፍ ጨብጦ የሚያንቀላፋ» ብሎት ነበር፣ የአንዱን ሚስት «ከቦዩ ይልቅ አፏ ይፈሳል» ብሏት ነበር። ያ ሁሉ ተጠራቅሞ የዚያን ቀን እጅ አወጣ።

ክንዱ ከዘራውን መሬት ላይ መታና ማለ። «ሚካኤልን! ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቦይ በር እጄ አይነካውም። ስለ ውኃም ከአፌ ቃል አይወጣም። እግሬ ላይ ወድቃችሁ ትለምኑኛላችሁ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ በሚካኤል የተማለ መሐላ በቀላሉ አይፈርስም። ክንዱ ቤቱ ገብቶ የማሽኑን ውድቀት መጠበቅ ጀመረ።

ማሽኑ ግን አልወደቀም። ታኅሣሥን ሙሉ አንድ ተራ አልሳተም። ቴዎፍሎስ እሑድንና ማርያምን ነግሮት ስለነበር እነሱንም አከበረ። ስም እያበላሸ፣ «የተከበሩ» እያለ ለአንድ ፍሬ ልጅ ሁሉ መልእክት እየላከ፣ ግን ውኃውን በሰዓቱ አደለ። ክንዱን ከምንም በላይ ያቃጠለው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ ልቡ ቦዩ ላይ ነበር፤ ምን እየለመነ እንደሚሳለም እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ገብረሰንበት በድንገት ሞተ። ገብረሰንበት ከቦዩ መጨረሻ አንድ ቃዳ፣ የሄክታር ሩብ፣ የምታህል አሸዋማ ማሳ ላይ ሽንኩርት ተክሎ ነበር፤ ሥሩ ገና መወፈር ጀምሯል። የመጪው ክረምት ቀለብም፣ የልጁ የአደይ ትምህርትም፣ ሁሉም ከዚያች ማሳ የሚወጣ ነው። ሚስቱ ሥርጉት ገብረሰንበትን ቀብራ ስትመለስ ጋቢውንና ስልኩን አንድ ላይ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርቱን አላሰበችውም፤ የሐዘን ውኃ አለና።

ማሽኑ ለሟቹ ጻፈ። «የተከበሩ ገብረሰንበት፣ የመስኖ ተራዎ ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በሩን ሲከፍቱ 1 ብለው ይመልሱ።» መልስ ከየት ይምጣ? በስምንተኛው ቀን በዚያው ትሕትና ደገመለት። ሁለት ጊዜ ያልመለሰ ሰው ውኃ አይፈልግም ማለት ነው ተብሎ ተነግሮት ስለነበር፣ ቀስቷን አንቀሳቅሶ ከስሙ ፊት «ቦዝኗል» ብሎ ጻፈና ከተራ አወጣው። አጥሩ ውስጥ ሆኖ ያን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት ነገር አልሰበረም።

የማሳ አዋሳኙ መልካሙ ግን ማሳው ሳይጠጣ መቅረቱን ያይ ነበር። የመጀመሪያው ተራ እንዳለፈ ለቴዎፍሎስ ደወለ። «አታስቡ፣ ሲስተሙ ያየዋል» ተባለ። ያየው ሲስተም የለም። ሁለተኛውም ሲያልፍ መልካሙ ክንዱ ቤት ሄደ።

«አያ ክንዱ፣ የገብረሰንበት ተራ እያለፈ ነው። አሸዋ መሬት ነው፣ ሽንኩርቱ ጠወለገ። አንዲት ቃል ይበሉኝና እኔው ላጠጣላት።»

ክንዱ የማጭዱን እጀታ ይጠርብ ነበር። ቀና አላለም።

«ስልክህን ጠይቀው» አለ።

ያለ ውኃ አባት ቃል የሰው በር አይከፈትም። አዲሱ የውኃ አባት ጆሮ የለው፤ አሮጌው ጆሮ ቢኖረውም ምሏል። መልካሙ ፈሪ አልነበረም፤ ሕግ አክባሪ ነበር። እየተቆጨ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ክንዱ ከብት መፈለግን ምክንያት አድርጎ በዚያ ማሳ በኩል ማለፍ አበዛ። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሲሆን አየ። በሌላ ቀን ቅጠሉ ሲተኛ አየ። የተሰማው ደስታ ነው፤ ሌላ ስም ልንሰጠው ብንሞክር ውሸት ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠጣውን መሬት ሲደርቅ እያየ፣ ስብሰባ ላይ የሚናገረውን በልቡ ያሳምር ጀመር። ለኪዳነ ምሕረት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ማሳው ገለባ ሆኖ ቆየው። አንዴ ወደ ቦዩ በር ዞር ብሎ አየ። ወዲያው ግን ጎንበስ ብሎ አንዲት የደረቀች ሽንኩርት ነቀለና ለምስክርነት ጋቢው ውስጥ ከተታት።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ፣ ቴዎፍሎስም በፕሮጀክቱ መኪና ከች አለ። ላፕቶፑን ከፍቶ «ቦዝኗል» የሚለውን አየ። ለአንድ አፍታ ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ፈካ።

«ችግር የለም!» አለ። «ኤጀንቱ ያለው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው ብያችሁ አልነበር? የማሽኑን የቀድሞ መልክ አስቀምጠነዋል። ወደ ጥር አሥር እንመልሰዋለን። ይህ ሁሉ ነገር እንዳልሆነ ይሆናል።»

ጠቅ ጠቅ አደረገ። ጥቂት ደቂቃ ተጠበቀ። «ይኸው፣ ጥር አሥር ሆነ።»

እውነትም ሆነ። ጥር አሥር ላይ ገብረሰንበት አልሞተም። ስሙ ስክሪኑ ላይ ተመልሶ፣ ከፊቱ «ተጠቃሚ» የሚል ተጽፎለት፣ ነገ ጠዋት ተራው መሆኑ ወጣለት። አንዲት ባልቴት አማተቡ። ቴዎፍሎስ ላቡን ጠርጎ የሚያመሰግነው ሰው ፈለገ።

ክንዱ ወደ ፊት ወጣ። የጠበቀው ቀን ይህ ነበር። ከጋቢው ሥር የደረቀችውን ሽንኩርት አውጥቶ የላፕቶፑ ፊደሎች ላይ አስቀመጣት።

«በል ልጄ» አለ፣ «ይህችንም ወደ ጥር አሥር መልስልኝ።»

ዋርካው ሥር ሳቅ ፈነዳ። ያጨበጨበም ነበር። ቴዎፍሎስ ያንጠለጠለውን መታወቂያ አዙሮ ደረቱ ላይ ደፋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኅዳር ላይ እጁን ለማሽኑ ያወጣው ሁሉ አሁን ማሽኑን ይሰድብ ጀመር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ተነሥተው «አያ ክንዱ፣ በድለንዎታል፣ ይመለሱልን» ብለው እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። እንደ ማለውም ሆነለት። በስድሳ አንድ ዓመቱ እንዲህ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም።

ሳቁ ከወደ ኋላ በኩል ቀዘቀዘ። ሰዉ መንገድ ከፈተ። ሥርጉት ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። ሐዘንተኛ አርባው ሳይወጣ ከሰው መሐል አትቆምም፤ እሷ ግን መጥታ ቆመች። ላፕቶፑ ላይ ያለችውን ሽንኩርት አንሥታ በመዳፏ አገላበጠቻት።

«ከእኔ ማሳ ናት?»

«አዎ እህቴ» አለ ክንዱ። «ይህ ማሽን ነው እንዲህ ያደረገሽ። እኔ በኅዳርም ብያቸው ነበር፤ አልሰሙኝም።»

ሥርጉት አልጮኸችም። «ማሽኑስ አያውቅም» አለች። «ገብረሰንበት መሞቱን ማን ነገረው? ሬሳ አልተሸከመ፣ አፈር አልመለሰ። እርስዎ ግን ቃሬዛውን ከትከሻዎ ላይ አድርገው ወስደውታል። መልካሙም መጥቶ ጠይቆዎታል። እኔ ቤቴ ተቀምጬ፣ ልጄ ሽንኩርቱን ሄደሽ እይው ስትለኝ፣ ተይ፣ አያ ክንዱ አሉልን እላት ነበር።»

ሽንኩርቷን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ሄደች።

ሊቀ መንበሩ ከክንዱ እግር ሥር ቀና አሉ። ቴዎፍሎስ እንኳ፣ ያ ሁሉ ውርደት የወረደበት ልጅ፣ ክንዱን ማየት ከበደው። ክንዱ ከዘራውን ጥሎ ወደ ቦዩ ወረደ፣ ሰው ሁሉ እያየው በሚካኤል የማለበትን በር በገዛ እጁ ከፈተ። ውኃው በሽንኩርቱ መደብ መካከል ገብቶ ሞላ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ከደረቀው ሽንኩርት አንዱም አልተነሣም።

ለመሐላው የነፍስ አባቱ ስግደት አዘዙት፤ ሰገደ። ለሽንኩርቱ ምን እንደሚያዙት ግን ግራ ገባቸው። አደይ በዚያ ዓመት ከትምህርት ቀርታ ቡሬ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች።

አሁን ክንዱ እንደገና የውኃ አባት ነው። ማሽኑም አለ፤ ተራ ያወጣል፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «የተከበሩ» እያለ ይልካል። ሰው በሞተ ቁጥር ክንዱ ከቀብር ሳይመለስ ለቴዎፍሎስ ይደውልና የሟቹን ስም ይነግረዋል። የመንደሩ ሰው እንግዳ ሲመጣ ሽንኩርቷ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠችበትን ወሬ ማውራት ይወዳል፤ ክንዱ ወሬው ሲጀመር ተነሥቶ ይወጣል። በየስምንት ቀኑ ጠዋት የሥርጉትን በር የሚከፍተው እሱ ራሱ ነው። እሷም ቤቷ ደጃፍ ቆማ ታየዋለች። እስከ ዛሬ ግን እንደምን አደሩ ብላው አታውቅም።