ሽማግሌው ያልፈረሙት ወረቀት

በተሰደድኩበት ከተማ፣ ሜድስቶን ሰፈር፣ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ከተከራየሁት ቤት የወሰዱኝ ጠዋት፣ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ነው። በሩን ያንኳኩት በትህትና ነበር። ሦስት የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ናቸው። አንዷ ስሜን ከወረቀት ላይ አነበበችና አጠራሩን ስላበላሸችው ይቅርታ ጠየቀችኝ። የጥገኝነት ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኗል፣ ቪዛዬም አብቅቷል አለችኝ። ከዚያ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። አገር ቤት በአንድ በራሪ ወረቀት ሰበብ ሁለት ዓመት ስታሰር የወሰዱኝ በጥፊ እያጣደፉ ነበር። ያኛውን በደል ለማንም እነግራለሁ። ይህኛውን ማስረዳት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ማቆያ ነው የሚሉት እንጂ እስር ቤት አይሉትም። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ጠረጴዛና የማይከፈት መስኮት አለው። ምንጣፉ የጽዳት ኬሚካል ይሸታል። በአንደኛው አልጋ ጫፍ ላይ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ስገባ አልገለጡም። ቦርሳዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣

"ትራሱ መጥፎ ነው። እጠፈው" አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማነጋግራቸው።

በአገራቸው ተራራ ላይ የምትገኝ ትንሽ የታኦ እምነት መቅደስ የአርባ ዓመት ጠባቂ ነበሩ። ባለሥልጣናት መቅደሷን ሲያፈርሱ ደጃፏ ላይ ተቀምጠው አልነሳም በማለታቸው ታሰሩ። ሲፈቱ እዚሁ ከተማ፣ ዳንደኖንግ ሰፈር ወደምትኖር አንድያ ልጃቸው መጡ። የእሳቸውም ማመልከቻ እንደ እኔው ውድቅ ሆነ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

"ታኦ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

ሁለት ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ እግር አራመዱ። "መንገድ።"

"ወዴት የሚወስድ?"

ሳቁ። "ወዴት ካልክ ስለ አውቶቡስ ነው የምታወራው።"

እኛ ዘንድ መናኝ ዋሻ ገብቶ ዓመታት ሲጸልይ አንድ ነገር ይገለጥለታል ይባላል። እሳቸውም የደረሱበት ነገር ይኖራል ብዬ ነበር የጓጓሁት። እውነቱን ለመናገር የፈለግሁት እንቅልፍ ነበር። አእምሮዬ ዝም እንዲልልኝ። አርባ ዓመት ዓይንዎን ጨፍነው ሲቀመጡ ምን አዩ? አልኳቸው።

"አንዳንድ ጠዋት ብርሃን አለ" አሉ አስበው። "ብዙውን ጠዋት ግን ጉልበቴን ያመኛል።"

"ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?"

"ስነሳ ያው ሰው ነኝ። ግን ትንሽ ያነሰ ውሸት አለብኝ።"

መልሱ አላጠገበኝም። ሲነሱ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው የጋራውን መታጠቢያ ይፈትጉ ነበር። ያም ያናድደኝ ነበር። ለሚያስሩን ሰዎች ነው እንዴ የምናጸዳው?

በሦስተኛው ወር አራት ሆነን እንፈታ ብለን የምግብ አድማ መታን። ሽማግሌው አምስተኛ እንዲሆኑ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። "እኔ ሲርበኝ እበላለሁ" ብለው፣ በአድማው በሁለተኛው ቀን ሩዛቸውን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ፍሬ በፍሬ እያነሱ በሉ። የሩዙ እንፋሎት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

"የአንተ ታኦ የፈሪ መንገድ ነው" አልኳቸው። "መጎንበስን ስም አወጣህለት።"

በዚያች ቅጽበት በልቤም አንተ ነበር ያልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሳህናቸውን ይዘው ኮሪደር ወጥተው ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ አልበሉም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም።

በአድማው በአምስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሁለት ጠባቂዎችና የሽማግሌውን ጉዳይ የያዘችው ሴት መጡ። እኔ ራሴን እያዞረኝ ተጋድሜ ነበር። ሴትዮዋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከውስጡ የአስተርጓሚ ድምፅ ይወጣል። በረራው ከሰዓት በኋላ ነው አለቻቸው። ከዚያ አንድ ፎርም አቀረበች። በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ይላል። ከፈረሙ በእጃቸው ላይ ካቴና አይገባም፤ እንግዳ መቀበያው ላይ የምትጠብቃቸውን ልጃቸውንም አንድ ሰዓት ያገኟታል። ካልፈረሙ ግን ወደ አየር ማረፊያ የሚሄዱት በቀጥታ ነው።

ወረቀቱን በአስተርጓሚው ሁለት ጊዜ አስተረጎሙት። ከዚያ ስልኩን ትተው በራሳቸው እንግሊዝኛ ተናገሩ።

"ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። አልታገልም። ወረቀቱ ግን እፈልጋለሁ ይላል። እኔ አልፈልግም።"

"ለወጉ ያህል ብቻ ነው" አለች።

"ለአንቺ።"

"ልጅዎ እኮ እየጠበቀችዎት ነው።"

እስክሪብቶውን አንስተው ክዳኑን ከፈቱ። እጃቸው ግን ወረቀቱ ላይ አልወረደም። ያኔ እኔ፣ አድመኛው፣ ፈሪ ብዬ የሰደብኳቸው፣ ካልጋዬ ተነስቼ ጮህኩ።

"ይፈርሙ! ወረቀት ነው! ልጅዎን ይዩ!"

ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እንዲያውም ያዘኑልኝ መሰለኝ።

"ልጄ ታውቀኛለች" አሉ።

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥመው ወደ ሴትዮዋ ገፋ አደረጉት። ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለቱን እጃቸውን አቀረቡ። ግዙፉ ጠባቂ የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አድርጎ፣ ብረቱ ቆዳቸውን እንዳይነካ ከላዩ አሰረ። አንገቱን እንደደፋ ነበር። ሽማግሌው በር ላይ ሲደርሱ ለጠባቂው ቅድሚያ ሰጡት፤ እሱም ለእሳቸው ሰጠ። ትንሽ ቆመው እሳቸው ወጡ።

በማግስቱ አድማውን ተውኩ። ሐኪሙ መከረኝ ብዬ ነው ለጓደኞቼ የነገርኳቸው። ከአራት ወር በኋላ ጊዜያዊ ቪዛ ሰጡኝ። ከቪዛው ጋር አንድ ወረቀት ነበር፦ በማቆያው በአግባቡ ተይዣለሁ፣ ምንም ቅሬታ የለኝም የሚል። ጠበቃዬ ቆይ ላንብብልህ አለችኝ። አንብባ ሳትጨርስ ፈረምኩ። ያን ቀን በባቡር ስመለስ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ስለ ታኦ የማውቀው ይኸው ነው። መጽሐፍ ገዝቼ ነበር፤ ግማሽ ላይ ተውኩት። ጠዋት አልጋ ጫፍ ላይ ለመቀመጥም ሞክሬአለሁ፤ የሥራ ሺፍቴ ይደርስብኛል። ሽማግሌው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ልጃቸውን ፈልጌ አላገኘኋትም፤ ከልቤ ፈልጌአለሁ ማለትም አልችልም።

ባለፈው እሑድ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የአገር ልጆች ማኅበራችን ሰዎች ተሰብስበን ነበር። ሊቀመንበሩ አዲስ ለመጡት ሲያስተዋውቀኝ፣ "አገር ቤትም፣ እዚህም ታስሮ አንገቱን ያልደፋ ወንድማችን!" አለ። ተጨበጨበ። ይህን መግቢያ ለዓመታት ዝም ብዬ ተቀብዬዋለሁ። በዚያ ቀን ግን ብድግ አልኩና፣

"ፈርሜ ነው የወጣሁት" አልኩ። "ቅሬታ የለኝም ብዬ። ያልፈረመ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ግን እሱ አይደለሁም።"

ጭብጨባው ቀረ። ሊቀመንበሩ ማይኩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ኮቴን ጎተት አደረጉኝ።

"ተቀመጥ በቃ" አሉኝ። "ማን ጠየቀህ?"

ተቀመጥኩ።