የአትጠገብ እጆች

እትዬ መነን ሰው አትሰማም። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከፎቶ ቤቷ ጎን ኢንተርኔት ቤት ስከፍት ደንበኞቿ በየቀኑ እየሳሱ ነበር። ጊዜው 2005 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ ወደ እሷ የሚመጣው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የቸገረው ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ካሜራ ነውና፣ "ዝጊውና ሻይ ቤት አድርጊው" የሚላትን ሁሉ ታባርራለች። እኔም ሁለቴ ተባርሬያለሁ።

ፎቶ የሚገዙ የውጭ ድረ ገጾች መኖራቸውን ያሳየኋት እኔ ሱፍያን ነኝ፤ እሷ ይህን ውለታዬን ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። ነገሩ ቀላል ነው። ፎቶህን ትጭናለህ፤ በየትኛውም አገር ያለ ማስታወቂያ ሠሪ ሲወስደው ለአንተም ድርሻ ይደርስሃል። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ እኛ ስለማይመጣ ናይሮቢ ያለች እህቷ እየተቀበለች ልትልክላት ተስማሙ።

መጀመሪያ የላከችው ምርጥ ያለችውን ነበር፦ ከኋላቸው ፏፏቴ፣ ከጎናቸው ጽጌረዳ፣ ከላያቸው "መልካም ጋብቻ" የተጻፈባቸው ሙሽሮች። አንድም ሳይቀር ተመለሰ። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ ፏፏቴውን የሠራሁት እኔ ይመስል።

ኋላ ግን እልህ ያዛት። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ጨለለቅቱ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር እየሄደች ወርቃ ድረስ ዘለቀች። ቡና ማጠቢያው ጋ ሴቶቹ ማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ቡና ሲለቅሙ ታነሳቸዋለች። ድረ ገጹ ደግሞ ፊቱ የሚታይ ሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፈቃድ ወረቀት ላይ እንዲፈርም ይጠይቃል። እትዬ መነን እዚህ ላይ ደረቀች።

"እኔ ራሴ የማላነበውን ወረቀት ገበሬ አላስፈርምም፤ ነውር ነው" አለችኝ። ስለዚህ ከፎቶው ላይ ፊቱን እየቆረጠች እጁን ብቻ መላክ ጀመረች።

ከሁሉ የተሸጠው አትጠገብ የምትባል የወርቃ ሴት እጆች ናቸው። በቀይ እሸት ቡና የተሞሉ፣ አንዱ አውራ ጣት ላይ የእሳት ጠባሳ ያለባቸው። ደጋግመው ተሸጡ። የቤት ኪራዩ ተከፈለ፣ ልጆቿ ደብተር ያዙ፣ እትዬ መነንም እኔን መሳደቧን ቀነስ አደረገች።

አንድ ቀን ግን ከወርቃ በሞተር የመጣ ሰው ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ መልእክት ነገራት። የውጭ ቡና ገዢ የአትጠገብ እጆች ፎቶ የታተመበት የቡና ከረጢት ይዞ መጥቷል፤ ሴቶቹም በጠባሳው ለይተዋቸዋል። የአትጠገብ ባል አማኑ እትዬ መነንን ለሶንጎ፣ ለጌዴኦ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ከሷታል፤ ቅዳሜ እንድትቀርብ ተብላለች።

ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛ ካሏት ወሬው ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በጌዴኦ ምድር ካሜራዋ ፊት የሚቆም አይኖርም። ፎቶ ቤቱ አበቃለት ማለት ነው።

"ሱፌ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አለችኝ። ልመናም ጥያቄም አልነበረም። መንገዱን ሙሉ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ፤ ድረ ገጹን ያሳየ ማን ሆነና?

ሽማግሌዎቹ ትልቁ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አማኑ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ያዘ።

"ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የአትጠገብ ነው" አለች እትዬ መነን። "ላንሳሽ ብያት እሺ ብላኝ ነው። ሸጫለሁም፤ አልክድም።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ጭንቅላቷ የት አለ?"

እትዬ መነን ነገሩ ስላልገባት ወደ ከረጢቱ ጠጋ አለች።

"ሚስቴ ሰው ናት!" አለ አማኑ። "እጇ ፈረንጅ አገር ሲደርስ ፊቷ ለምን ተጣለ? ማጠቢያው ጋ ምን እንደሚሏት ታውቂያለሽ? 'አስቀያሚ ስለሆንሽ ቆረጠችሽ' ይሏታል።"

አትጠገብ ከሴቶቹ መሀል ሆና፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ "ለፎቶው ብዬ እኮ ጸጉሬን ተሠርቼ ነበር" አለች።

እትዬ መነን እዚያው መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሁለቱንም ነበር። የወረቀቱን ነገር፣ ፊቱን የቆረጠችው አትጠገብን ላለማታለል ብላ እንደሆነ እየተንተባተበች ተናገረች። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ጋሽ በዛብህ፣ ወደ እኔ አገጫቸውን ቀሰሩ።

"ይሄ ልጅ ወረቀቱን ያንብበው። አማኑ በእኛ ቋንቋ ይንገራት።"

እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ አማኑ አማርኛውን ወደ ጌዴኦኛ እየገለበጥን ጨረስነው። አትጠገብ እስከ መጨረሻው ሰማችና ሳቀች። "ይሄን ነው የፈራሽልኝ?" ብላ ፈረመች። ሽማግሌዎቹም ፈረዱ፦ እጆቿ ከሚያመጡት አትጠገብ ድርሻዋን ታገኛለች፤ መነን ደግሞ አሁኑኑ የአትጠገብን ፊት ታነሳለች። እትዬ መነን እንዲህ በደስታ የተቀበለችውን ትእዛዝ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

አትጠገብ ቤቷ ገብታ ተጣጥባ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ጸጉሯን ግን መልሳ ለመሠራት ጊዜ አልነበረም፤ በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና ቀጥ ብላ ቆመች። እትዬ መነን ደጋግማ አነሳቻትና ካሜራውን ሰጠቻት።

አትጠገብ በካሜራው ትንሽ መስኮት ፊቷን አየች። ከዚያ ዞር ሳትል ባሏን ጠራችው።

"አማኑ፣ ናማ እየኝ።"