አርባ አንድ እግዚኦ

ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ደጃፉ ላይ ቆማ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ትላለች። መሐል ላይ ሰው ካናገራት ወይም አጠገቧ ድምፅ ከፍ ካለ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶባት የተመለሰችበት ቀን ብዙ ነው። ተዪው ስላት፣ «ከተውኩት አንቺ ትሞቻለሽ» ብላ ታለቅሳለች።

ቢቸና ውስጥ ይህ በሽታ ነው ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ የተባረከች ልጅ ይላታል። የገባቸው የንስሐ አባታችን ብቻ ናቸው። «ይሄ ጸሎት አይደለም፣ ልጄ፣ ጭንቀት ነው፤ ሐኪም ፈልጊላት» አሉኝ።

ሞጣ ጥሩ ክሊኒክ አለ ስላሉኝ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ መዝኗት የወስፋት መድኃኒት ጻፈ። ለወስፋት አልመጣሁም ብዬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት። እስክሪብቶውን እንኳ አላስቀመጠም። «ሰው ልጄ አልጸልይ አለች ብሎ ያለቅሳል፤ አንቺ ጸለየች ብለሽ ትከሺያለሽ» አለኝ። ታዲያ ይህን የሚያክም የት አለ ስለው፣ «ባሕር ዳር ጠይቂ» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን እንዳለፈ የልጄ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ በሆዴ አብሬያት እቆጥራለሁ። አጠገባችን የተቀመጡት እናት ሲያይዋት ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ታድለሽ፤ የኔም ልጆች እንዲህ በሆኑልኝ» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ንዴቴ አፌ ድረስ መጣ። ለእሳቸውም ለሐኪሙም የሚበቃ መልስ ነበረኝ። ልጄ ግን ሠላሳ ስምንት ላይ ደርሳ ነበር። ዝም አልኩ።