እህቴ የሰማችው ውሃ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ሜሮንን ይዤ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ አንዲት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ። ሜሮን ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ልቧ ይመታል፣ ሆዷን ያማታል፣ ጣቶቼን ይዛ አትለቅም። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት። ሜሮንን ስታጫውት ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ አንዳንድ ልጅ ሲፈጠር ጀምሮ ለአደጋ ንቁ ነው፤ ሌላው የማይሰማውን ይሰማል። ይህ ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። ግን በወጉ ካልተያዘ ወደ ጭንቀት ሕመም ሊያድግ ይችላል። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?»

«ነበር» ልላት አልቻልሁም። አሁንም አለችና።

ታላቅ እህቴ ይታይሽ ከሕፃንነቷ ድንጉጥ ነበረች። እናታችን ትል እንደነበረው በአራስነቷ እንኳ የመዝጊያ ድምፅ ያባንናት ነበር። ውሻው ሳይጮኽ እንግዳ መምጣቱን የምታውቅ፣ ከአባታችን አረማመድ ቁጣውን የምትለይ እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ ማንም ያላየውን ጢስ አይታ ጎተራችንን ከቃጠሎ አትርፋለች። ያም ሆኖ ስሟ «ፈሪት» ነበር። ስሙን ያወጣሁላት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ የደረሰ ጊዜ እሷ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ዐሥረኛ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። ቡሬ ቤት ተከራይተን እንማራለን፤ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ ገጠር እንመለሳለን። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ወሩ ሰኔ ነበር። የገበያው በርበሬ አፍንጫችንን እንደሰነፈጠን ከከተማው ወጣን። ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን፣ የተረፈችንን የዳጉሳ ቂጣ እየቆረስን ሄድን። ከበላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በሰከላ በኩል ያለው ተራራ ብቻ ጠቁሯል።

መንደራችን አጠገብ ያለው ወንዝ ዳር ስንደርስ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ጎረቤታችን አያ ደመቀ ከገበያ ሲመለሱ እዚያው ደረሱብን። ይታይሽ ግን ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አልሻገርም። ከላይ የሚጮኽ ነገር አለ» አለች።

«ኧረ እቴ፣ ውሃ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?» አሉ አያ ደመቀ እየሳቁ።

እኔ አፈርሁባት። «አንቺ ፈሪት፣ በሰው ፊት አታዋርጅን!» ብዬ እጇን ጎተትሁ። እሷ በርትታ ኮሌታዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አያ ደመቀ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ይመለሱ!»

እሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተዋል። መሐል ሲደርሱ ዞር አሉና በእጃቸው «ኑ» አሉን።

ደራሹ ጎርፍ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ቀይ፣ ግንድ የተሸከመ፣ ከሰው ቁመት በላይ። ዓይኔን ገልጬ ሳይ አያ ደመቀ የሉም። ሬሳቸው በሦስተኛው ቀን ከታች መንደር ተገኘ።

ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠሽ!» ሲላት፣ ከእንግዲህ ትጽናናለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የፈራችው ሁሉ እውነት እንደሚሆን ነው የተማረችው። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ደመና ሲጠቁር ላብ ያጠምቃታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ «ሞትሁ» ትላለች። እየቆየ ደመና በሌለበት በጋም ይመጣባት ጀመር። ትምህርቷን ተወች። ጠበል ወሰድናት፤ ቄሱ አጠመቋት፣ አጽናኗት፤ ጥቂት ሰንብቶ ተመለሰባት። ጎረቤት «መንፈስ ነው» አለ። እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንሁ፤ ያን ሁሉ ተምሬም ልግመት ይመስለኝ ነበር።

እናታችን ያረፈችው ከዓመታት በኋላ በጥር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ይታይሽ አስከሬኑን ተከትላ እስከ ዳሩ መጣች፤ ከዚያ አላለፈችም። እኛ ተሻገርን። ዞር ብዬ ሳይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። የእናቷ ግብዓተ መሬት ሲፈጸም ብቻዋን ነበረች። አብሯት የቀረ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልቀረሁም።

ባለሙያዋን ባነጋገርሁ በማግሥቱ በማንኩሳ በኩል በሚኒባስ ቡሬ ወረድሁ፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ መንደራችን ሄድሁ። ዛሬ ወንዙ ድልድይ አለው። ይታይሽ ጸጉሯ ሸብቶ፣ ደጃፉ ላይ ጎመን ስትቀነጥብ አገኘኋት።

«እታለም፣ ያ ነገርሽ ሕመም ነው አሉ። ምክርም መድኃኒትም አለው፤ ቀስ በቀስ ይሻላል አሉ» አልኋት።

ቅጠሉን ከእጇ ሳትለቅ ቀና አለች።

«ስሙን ምን አሉት?»

«ጭንቀት።»

«እኔ እኮ የእምነት ማነስ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ፈጣሪዬን ስፈራ፣ ሰው ሳፍር...» አለችና ሳትጨርሰው ጎመኑን አስቀመጠችው።

ጠባይዋ የተፈጥሮዋ ነው፤ ሊቀይረው የሚችል አልነበረም። ሕመሙን ግን ያ ውሃ ብቻውን አላሳደገውም፤ በስድብና በዝምታ ያገዝነው እኛ ነን። ለሜሮን አባት ይህን ነግሬዋለሁ፤ ልጂቱን ማንም «ፈሪት» ብሎ አይጠራትም።

ባለፈው ማክሰኞ ይታይሽን ወደ ሐኪም ልወስዳት ሄጄ ነበር፤ እስከ አጥሩ በር አብራኝ መጣች። ላብ አጠመቃት፤ ተመለሰች። ባለሙያዋ ስነግራት «ይህም ጅማሬ ነው» አለችኝ። ይሆናል። እኔ ግን በመመለሻዬ መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት፣ ይህ ነገር በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ተነግሯት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረሰች እያልሁ ነው።