ባለ ማርሿ ቀይ መኪና እና የሰው ሙሽራ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... ጣና ዳር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ብቻዬን። እሁድ እሁድ ሱፍ እለብሳለሁ። የሚያየኝ ኖሮ አይደለም፣ እንዲያው ቀኑ ከሌላው ቀን እንዲለይልኝ ነው።

ከአዳማ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ከመጣሁ ዓመታት ሆኑ። መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ሰው አይጠፋም፤ ግን ሁሉም ፈርቶኝ ነው የሚቀመጠው። መንጃ ፈቃዱን የያዘ ቀን ስልኬን ያጠፋዋል።

እናላችሁ... አንድ የሰርግ አጀብ ለፎቶ መጣ። ከፊት የምትመራው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ድምጿን ስሰማ ሻዬን አስቀመጥኩ። ማንዋል! የዛሬ ስፖርት መኪና አብዛኛው ማርሹን ራሱ ይቀይራል። ልጆቹ «ከሰው እጅ ይፈጥናል» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ማርሹን ራሴ ካልቀየርኩ መኪናው እኔን የነዳኝ ይመስለኛል።

የሚነዳው ራሱ ሙሽራው ነው። ፎቶው አልቆ ሊነሱ ሲሉ መኪናዋ ዘለል ዘለል አለችና ሞተሯ ጠፋ። አስነሳ... ጠፋ። አሁንም አስነሳ... አሁንም ጠፋ። የተቃጠለው ፍሪሲዮን ሽታ እኔ ድረስ መጣ። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን አወረደ።

ለካ ልጁ የለመደው አውቶማቲክ ነው። ይቺን ከአዲስ አበባ ሲከራይ ቀለሟን እንጂ ማርሿን አልጠየቀም። ያመጣት ሹፌር ጠዋት ሜዳ ላይ ትንሽ አለማምዶት ሄዷል፤ እስከዚህም የመጣው በአንደኛ ማርሽ እያስጮኻት ነው።

«ሙሽሪት ከኋላ ወዳለው ሚኒባስ ትዛወር!» አለ አንዱ ሚዜ።

የሙሽሪት አክስት ከሚኒባሱ ዱብ አሉ። «ምን አልህ? ሙሽራ መንገድ ላይ ከመኪና መኪና ትዛወራለች እንዴ! ገዱ አያምርም! እሷ ካለችበት ንቅንቅ አትልም፤ ይልቅ ሹፌር ፈልጉ!»

ይሄኔ ሌላኛው ሚዜ አየኝ። «እንዴ! እኔን መንዳት ያስተማሩኝ ሰውዬ እኮ ናቸው!»

ከዚያማ ማን ይሰማኛል... «ለቪዲዮው ነው» ተብሎ ኮቴ ላይ አበባ ተሰካ። ሙሽራው እየተገፋ ሚኒባስ ውስጥ ገባ፣ እኔ ሙሽሪት አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ አደራዎን...» አለኝ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። አሳዘነኝ።

ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ነዳጁን ጫን አደረግኩ... መኪናዋ ሸርተት ብላ ወጣች። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አደባባዩ ላይ ሌላ ሰርግ ገብቶ አጀባችንን ከኋላችን ቆረጠው። ልቁም ወይ ብዬ ዞር ስል ሙሽሪት ትስቃለች።

«ይንዷት ጋሼ! ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን ሳቅሁ!»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ነዳኋት። መንገድ ዳር ያሉ ሴቶች እልል አሉ። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን አቀለጡት። አንድ የማላውቀው ሰው «ሙሽራው፣ እንኳን ደስ አለህ!» ብሎ ጮኸ። እጄን አወዛወዝኩለት። ምን ላድርግ? እዚህ ከተማ ስኖር እንኳን ደስ አለህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ዓባይን ተሻግረን ትንሽ እንደሄድን ሙሽሪት ማርሹን የያዘውን እጄን ስታየው ቆየችና «አውቶማቲክ ቢሆን ይሻል ነበር» አለች።

«ለምን?»

«እጄን ይዞኝ ሊነዳ ነበር ሐሳቡ። ሰው ሲበዛ እንደምፈራ ያውቃል።»

ማንዋል ይሻላል ብዬ ስከራከር ነው የኖርኩት። በፍጥነት ቢሉኝ፣ በምቾት ቢሉኝ መልስ አላጣም። ይሄን ግን አስቤው አላውቅም። ማርሽ የማይቀይር ሰው ቀኝ እጁ ሥራ ይፈታል... የሚይዘው ሰው ከሌለው ደግሞ ያንን እጅ የት ያደርገዋል? ከፋኝ። እንዲሁ ያለምክንያት አራተኛ አስገባሁ።

ሙሽሪት መንገዱን እያሳየችኝ የሰርጉ ድንኳን በር ስንደርስ ከአጀቡ አንድም መኪና ገና አልመጣም ነበር። እልልታው ቀለጠ። አንዲት አሮጊት፣ የሙሽራው ዘመድ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በእኔ በኩል መጡ። ዓይናቸው ደከም ብሏል። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው የእኔንም የእሷንም ራስ ዳበሱ።

«እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ ሰው አይጣ። ብቻችሁን አትብሉ።»

«እማማ፣ እኔ ሹፌር ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አሜን» ነው። ያውም ጮክ ብሎ።

ሙሽሪት ዞር ብላ አየችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ሙሽራው ደረሰ... በባጃጅ! ሚኒባሱ አልንቀሳቀስ ሲል ወርዶ፣ በዚያ ሁሉ ሱፍና ከረባት። ላቡ በፊቱ ይወርዳል። ማንንም ሳያይ መጥቶ እጇን ያዘ።

«እማማ፣ ሙሽራውስ እሱ ነው» አለች ሙሽሪት ቀስ ብላ።

አሮጊቷ ሳቁ። ልጁንም ከአብርሃምና ከሣራ ጀምረው እንደገና መረቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ልጄ፣ የአንተዋሳ? የት አለች?»

ለሚጠይቀኝ ሁሉ «አዳማ ናት» ነበር የምለው። የዚያን ቀን ግን አቃተኝ።

«የለችም እማማ» አልኳቸው።

ግባ፣ ብላ፣ ጠጣ ተባልኩ። ቁልፉን ለአንዱ እንግዳ ሰጥቼ፣ አበባውን ከኮቴ ነቅዬ፣ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ምርቃቱን ግን... «መልስ» ያለኝ የለም፣ እኔም አልመለስኩትም።